መልካም ባል

ዛሬ፣ በግንቦት ልደታ ጠዋት፣ የእህቴ ልጅ በስልኬ መልእክት ላከችልኝ፦ «ጋሼ፣ መልካም ባል!» ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ባል አልፈልግም። «በዓል» ብዬ አርሜ ልልክላት ጀምሬ ተውኩት። በዚህች ቃል አንዴ ተቃጥያለሁ።

ሰው ቃል ሲያበላሽ ደሜ ይፈላል። «አስተዋጽኦ»ን «አስተዋፆ» ከሚል ሰው ጋር የበላሁት ምሳ አይስማማኝም። አመሉ የያዘኝ በወጣትነቴ፣ ልደታ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ታይፕ ስመታ ነው።

ከጎኔ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነበር፤ ሻጯ ሠናይት ትባላለች። ስሟን በንጉሡ «ሠ» የምጽፍላት እኔ ብቻ ስለነበርኩ የእኔ ትመስለኝ ነበር። ከምጨርሰው በላይ ካርቦን እገዛታለሁ፤ የልቤን ግን አንድ ቀን እንኳ አልነገርኳትም።

ወልዴ ደግሞ የአብነት ሰፈር ጎሚስታ ነበር። በጎማ የጠቆረ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ይመጣና «ሰናዬ!» ሲላት ትፍነከነካለች። እኔ ስገባ ግን አነጋገሯን ታስተካክላለች። ቀናሁ። የምበላው ሁሉ እሬት እሬት እስኪለኝ ቀናሁ።

የዚያን ዓመት የልደታ ዋዜማ ወልዴ አበባ ያለበት ፖስትካርድ ይዞ መጣ።

«አንተ ፊደል ታውቃለህ፤ እስቲ እያት። እሷ ፊት እንዳልዋረድ።»

«ውድ ሰናይት፣ እንኳን ለልደታ አደረሰሽ። መልካም ባል ይሁንልሽ» ይላል።

እርሳሴ ጆሮዬ ላይ ነበር።

«እንከን የላትም» አልኩት። መሳቂያ እንዲሆን ፈልጌ ነው። እኔም የራሴን ካርድ ገዝቼ፣ በንጉሡ «ሠ»፣ በዓይኑ «ዓ»፣ አንዲት ፊደል ሳላዛንፍ መልካም በዓል ተመኘሁላት።

በማግስቱ ሰማዩ ዳመና ቋጥሮ፣ የሰፈሩ ሰው እንደ ወጉ ደጅ ተቀምጦ ንፍሮ ሲበላ፣ ሠናይት የወልዴን ካርድ ለሴቶቹ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ሳቁ ፈነዳ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ግን አንዲት ጎረቤት «እንዲህ አድርጎ ልቡን የሚናገር ወንድ አለ እንዴ!» አለች።

ሠናይት ቀና ብላ ከሴቶቹ ኋላ የቆመውን ወልዴን አየችው። «ለመሆኑ ማንን ነው የምትመኝልኝ?»

ወልዴ ካርዱን አየ፤ እኔን አየኝ። ከዚያ አራዳው ልጅ «ሩቅ አትፈልጊ፤ እዚሁ አለሁ» አላት።

ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፣ የሚገባበት አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው። የያዝኩት ንፍሮ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። በጥር ተጋቡ፤ የሠርግ ጥሪያቸውን ታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። ስህተት አልነበረበትም።

የእኔም ትዳር ክፉ አልነበረም፤ ሚስቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ዛሬም እንደ ልማዴ ሰንጋ ተራ ወዳለው የእነሠናይት ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። ወልዴ ከጎረቤት ንፍሮ ሊያመጣ ሲወርድ ስንት ዘመን የያዝኩትን ተናገርኩ።

«ያን ካርድ አስቀድሜ አይቼው ነበር፣ ሠናይት። ሆን ብዬ ነው ያላረምኩት።»

ምንም አልገረማትም።

«ያንተም ደርሶኝ ነበር እኮ» አለችኝ። «ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁት። በዓል ብቻ ነው ያለው።»

ወልዴ ሳህኑን ይዞ «ሰናዬ!» እያለ ገባ። በዚህ ዕድሜዬም ቀናሁ።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ ለእህቴ ልጅ መለስኩላት፦ «ላንቺም መልካም ባል።»