ካዛንቺስ ግቢ ውስጥ የቆመችው ጀልባ

ካዛንቺስ ገና ሳትፈርስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነጭ ጀልባ ነበረች። ኮባ ሥር፣ ተሳቢ ላይ፣ አሮጌ ሸራ ለብሳ። ከውጭ ሲያዩ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ አፍንጫዋ ብቻ ብቅ ትላለች። የሰፈሩ ሰው እንደ ዛፍ ለምዷት ቀና ብሎም አያያት።

ባለቤቴ ግን አልለመዳትም። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ነው፤ ኑሮ ሚኒባስ ላይ አስቀመጠው እንጂ። "ሰው ከደሴት ደሴት ባመላልስ፣ ክላክስ የለ፣ ትራፊክ የለ" ይለኛል፣ ማታ ጫማውን እያወለቀ። እኔ ሐይቅ አይቼ አላውቅም። እሱ ሲያወራ ግን፣ እንዴት ልበላችሁ፣ የቤታችን ወለል ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ ይመስለኝ ነበር።

የጀልባዋ ባለቤት፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት፣ እሸጣታለሁ ሲሉ ባለቤቴ እንቅልፍ አጣ። ኢንሹራንሱ ደግሞ ሰው የምትጭን ከሆነ ባለሙያ ሳይመረምራት አንቀበልም አለ።

"ለጀልባም መካኒክ አለ?" አልኩት።

"መኪና ሳታስፈትሺ ትገዣለሽ?"

"እኔ መኪና መቼ ገዝቼ?"

ፈልጎ ፈልጎ ድሮ ባሕር ኃይል የነበሩ፣ ጀልባ መመርመር ሙያቸው የሆነ አዛውንት አገኘ። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል ባደረበት አንድ የክረምት ጠዋት መጡ። ሸራውን አስነሱና በትንሽ መዶሻ ጎኗን ያንኳኩ ጀመር፤ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ የታመመ ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም። ድምፁ ደረቅ ነበር፣ ጥርት ያለ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። በዚያች ደቂቃ፣ ማለቴ፣ ኮባው ሁሉ የሐይቅ ዳር ቄጠማ መስሎኝ ነበር።

ከኋላ፣ ከሥሯ ሲደርሱ ድምፁ ደነዘ። እርጥብ እንጨት የሚመታ ያህል። አዛውንቱ መዶሻቸውን አስቀመጡና ከሥሯ ያለችውን የውኃ መውጫ ቀዳዳ በጣታቸው ነኩ።

"እመቤት፣ ይሄን በቡሽ ማን ነው የደፈነው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ሴትየዋ። "ባለቤቴ ካለፉ ጀምሮ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አጠብቀዋለሁ። ውኃ እንዳይገባባት ብዬ።"

"የሚደፈነውማ ሐይቅ ላይ ስትሆን ነው። መሬት ላይ ስትቆም ይከፈታል፣ ዝናቡ መውጫ እንዲያገኝ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ውስጥ ለውስጥ ወለሏ በስብሷል።"

ሴትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ቢጠገንስ ጋሼ?" አለ ባለቤቴ።

"ወለሏ በሙሉ ይነሳል። ያኔ ጠገንክ አይባልም፣ አዲስ ሠራህ ነው።"

"እንዲሁ ዳር ዳሩን፣ ትንሽ ሰው ብቻ ብጭንስ?"

"ልጄ፣ ሚስትህን ትጭናታለህ?"

አየኝ። እኔ ሞኟ እሳፈራለሁ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቀደመኝ።

"እሷንስ አልጭንም።"

አዛውንቱ ፒንሳ አቀበሉት። ተንበርክኮ ቡሹን ነቀለው። ቡናማ ውኃ፣ የስንት ክረምት ቅጠል ይዞ፣ ወረደ። በግቢው ድንጋይ መሃል እየተጥመለመለ በበሩ ሥር ወደ መንገድ ወጣ። ባለቤቴ እስከ በሩ ተከትሎት ሄደና፣ ቁልቁል ሲወርድ እያየ ቆመ። ጠርቼ ልመልሰው አልፈለግሁም። ውኃው ቀጥኖ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ መጥቶ ቡሹን ለሴትየዋ በእጃቸው ሰጣቸው።

"ክፍት ይቆይ፣ እትዬ" አላቸው። "በቃ፣ እኔም ተራዬ ደርሷል" ብሎ ወደ ሚኒባሱ ሄደ።