ላላነሳው የማልኩት ጥያቄ

ቅዳሜና እሁድ ከኮምቦልቻ ደሴ እየተመላለስኩ ሥነ ልቦናንና የወንጀል ጥናትን አጣምሬ ተማርኩ። ለምን ብሎ የሚጠይቀኝን ሁሉ ለሥራዬ ነው እለው ነበር። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለልጆቹ አማካሪ ይፈልግ ስለነበር ውሸት አይደለም። ሙሉ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ተከታይ ወንድሜን ጎረቤታችን ገደለብኝ። ሰው እንዴት እዚያ ድረስ እንደሚደርስ ማወቅ ፈለግሁ።

የሞተው ደሴ ዙሪያ፣ አባታችን በተወልን መሬት ላይ ነው። እዚያ ሰዉ ጎመንና ካሮት ያለማል፤ በመስኖው ውሃ በተራ ያጠጣል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወንድሜና ጎረቤታችን ተራው የኔ ነው፣ የኔ ነው ተባባሉ። ጎረቤታችን በእጁ በነበረው አካፋ መታው። ወንድሜ ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆይቶ ሞተ። ገዳዩ አልሸሸም። ተፈረደበትና ማረሚያ ቤት ገባ።

እኛ ዘንድ ፍርድ ቤት ቢፈርድም ነገሩ በዚያ አያልቅም። ትንሹ ወንድሜ የሟችን መሬት ተረክቦ ያለማል፤ የገዳዩ ወንድሞችም ድንበርተኞቹ ናቸው። ደሙ ካልደረቀ አንዱ ሌላውን አድፍጦ ይጠብቃል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ገቡ። በሬ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ፣ የሁለቱም ወገን ወንዶች ቁርኣን ይዘው ማሉ። መሐላው ሁለት ነገር ነው፤ ደም ላለመፈለግ፣ ነገሩንም ዳግም ላለማንሳት። ለምን አደረግህ፣ ማን ጀመረ፣ እንዴት ሆነ ብሎ መጠየቅ ከዚያ ወዲያ ክልክል ነው። የጠየቀ እርቁን አፈረሰ ይባላል።

እናታችን በሕይወት ስለሌለች በእናት ቦታ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። እኔም ማልኩ። "አፉ ብዬዋለሁ፣ አላህም አፉ ይበለው" አልኩ። ይቅር በዪ ስለተባልኩ ነው ያልኩት። ያን ጊዜ ልቤን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ለባለቤቴ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን እያበላ፣ እያጠበ፣ መድረሳ እያደረሰ አስተምሮኛል። አንድም ቀን አላማረረም። እኔ በሚኒባሱ መስኮት በኩል የሐረጎን ተራራ ጉም እያየሁ እወጣለሁ፤ ክረምት ከሆነ መንገዱም አይታይም። ክፍል ውስጥ በዕድሜ ትልቋ እኔ ነበርኩ። ልጆቹ ይቀልዱብኛል። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትኖር አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ አንድ ቀን ስለ ፖሊስ ምርመራ ስንማር ዞር ብላ፣ "እትዬ፣ እርስዎ ሌባ ቢይዙ እኮ መክረው፣ ምሳ አብልተው ነው የሚለቁት" አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የሥነ ልቦናው መምህር ሰውየው ምን ተሰማው ብላችሁ ጠይቁ ይለናል። የወንጀል ጥናቱ መምህር ደግሞ ስሜቱን ተዉት፣ ምን አደረገ፣ በምን፣ ለምን ይላል። አንዱን ሰው ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው መንገድ እናየዋለን። ከሁለቱ ትምህርት መሐል ወንድሜን የገደለውን ሰው አገኘዋለሁ ብዬ ብዙ አነበብኩ። አላገኘሁትም።

በሦስተኛው ዓመት ሁለቱ መምህራን አንድ የጋራ ሥራ ሰጡን። ማረሚያ ቤት ሄደን፣ ፈቃደኛ የሆነ አንድ ታራሚ እናነጋግራለን፤ ሁለት መጠይቅ እንሞላለን። የፈቃደኞቹ ዝርዝር ሲመጣ የጎረቤታችን ስም አምስተኛው ላይ ነበር።

ለመምህሩ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። እኔው መረጥኩት። ጥያቄው የኔ አይደለም፣ የትምህርት ቤቱ ነው አልኩ ለራሴ። ወረቀት ሲጠይቅ እርቅ አይፈርስም ብዬ አሰብኩ። የተማርኩ ነኝና አሳማኝ መሰለኝ።

ሲያየኝ ደነገጠ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ልጆቼን አንድ በአንድ እየጠራ ጠየቀኝ። ትንሽ ልጅ ሳለ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ እንደ ወንድሞቼ እታለም ነው የሚለኝ። የመጀመሪያውን ወረቀት በደህና ሞላን። እንቅልፍ የለኝም አለ፤ ሶላት ግን አላቋረጥኩም አለ፤ ሚስቱ በየሳምንቱ እንደምትመጣም ነገረኝ። ጻፍኩ።

ሁለተኛውን ወረቀት ገለጥኩና እንደተጻፈው አነበብኩለት። "ድርጊቱን እንዲፈጽሙ ያነሳሳዎት ምንድን ነው?"

ዕድሜ ልኬን አንተ ያልኩትን ሰው እርስዎ አልኩት።

"እታለም፣ የምትጠይቂኝ አንቺ ነሽ ወይስ ወረቀቱ?"

"ወረቀቱ ነው።"

"ታዲያ ወረቀቱን ትተሽ ለምን እኔን ታያለሽ?"

ተነሣ። ጠባቂውን ጠራና፣ ጀርባውን ሳይሰጠኝ፣ "አፉ ብለሽኝ አልነበር እንዴ" አለ። ሄደ። ወረቀቱ ላይ ከጥያቄው በታች ያለው ቦታ ባዶውን ቀረ።

ሳምንት ሳይሞላ ትንሹ ወንድሜ ደወለ። ሰላምታውንም አሳጠረው።

"እታለም፣ ምን አድርገሽ ነው?"

የጎረቤታችን ሚስት ልትጠይቀው ሄዳ የሆነውን ሰምታለች። ለወንድሞቹ ነግራለች። የሟች ቤተሰቦች ነገሩን አንሥተዋል የሚል ወሬ መንደሩን ሞልቶታል። የትንሹ ወንድሜን ሰላምታ የሚመልስ የለም። ተራው ሁለት ጊዜ አልፎታል፤ ውሃ ሊከፍት ሲሄድ የገዳዩን ሁለት ወንድሞች የቦዩ አፍ ላይ ተቀምጠው ያገኛቸዋል፤ አይናገሩትም፣ አይነሱለትም።

"ጎመኑ ይድረቅ" አለኝ። "ልጆቼን ግን ከቤት ማስወጣት ፈራሁ።"

አንድ ወንድም ቀብሬያለሁ። ሁለተኛውን በራሴ እጅ ልገድለው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹን እንዲሰበስባቸው ነገርኩት። እሁድ ከክፍል ቀርቼ ሄድኩ። መስጊዱ አጠገብ ባለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁኝ፤ የጎረቤታችን ወንድሞችና ሚስቱም ነበሩ። ትልቁ ሽማግሌ ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ በድምፄ ለዩኝ።

"ልጄ፣ ማን ላከሽ?"

"ትምህርት ቤቱ ነው፣ አባባ።"

"ትምህርት ቤቱ ወንድም ሞቶበታል?"

አንገቴን ደፋሁ። እኔ ነኝ የጠየቅሁት አልኩ። ወረቀቱን ምክንያት አድርጌ፣ የማልኩትን መሐላ ዞሬ ላልፈው ነበር። በጉባኤው ፊት እንዲህ ብዬ ተናገርኩ። ከንግግሬ ሁሉ እውነት የነበረው ይኸኛው ነው።

ተማክረው ፈረዱብኝ። ወረቀቶቹን ሁለቱንም አስረክባለሁ፤ በሚስቱና በወንድሞቹ ፊትም እንደገና አፉ እላለሁ። ወረቀቶቹን ሰጠሁ። ሽማግሌው ተቀብለው ለሚስቱ አስተላለፉላት። ማንበብ አትችልም። አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻቸውና እጇን ከላይ ጫነችባቸው።

ከዚያ ሁሉም እኔን ጠበቁ። የመጀመሪያው ቀን ቃሉ ቀላል ነበር፤ ምን እንደምሰጥ አላውቅም ነበርና። አሁን አወቅሁ። አፉ ማለት ያንን ባዶ ቦታ ባዶውን መተው ነው። ትንሹ ወንድሜ መሬት መሬት ያያል። የጎረቤታችን ታናሽ ወንድም፣ "ቃሉ ጠፋባት እንዴ?" አለ በሽሙጥ፤ ሽማግሌው በእጃቸው ዝም አሰኙት።

"አፉ ብዬዋለሁ" አልኩ።

"ከልብሽ ነው?"

"ከልቤ እንዲሆንልኝ ዱዓ አድርጉልኝ።"

ወንድማማቾቹ አጉረመረሙ፤ አንደኛው ይህ አይበቃም አለ። ሽማግሌው ግን፣ ካሁን በፊት እዚህ ዛፍ ሥር ብዙዎች ከልቤ ነው ብለውኛል፣ የዚችን ተቀብያለሁ አሉ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ዘረጋን። ዱዓው ሲያልቅ ሚስቱ ተነሥታ ሳመችኝ። ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ እንባ አልመጣልኝም።

ያለ ወረቀት ውጤት የለም አለኝ የወንጀል ጥናቱ መምህር። ምክንያቱን አልነገርኩትም፤ መንገር ማንሳት ነው። እሱም እንደ ደንቡ ነው የሠራው። ጓደኞቼ ተመረቁ። የቧንቧ ውሃዋ ልጅ ጋዋኗን ለብሳ አቀፈችኝና እትዬ፣ እርስዎ ሳይኖሩ ምን ደስ ይላል አለች። እኔ ትምህርቱን ከሚቀጥለው ክፍል ጋር ደገምኩ። ሌላ ታራሚ አነጋገርኩ፤ የማላውቃት ሴት ናት። የጠየቅኋትን ሁሉ መለሰችልኝ። ሁለቱንም ወረቀት ሞላሁ፤ ጥሩ ውጤትም አመጣሁ። በመልሷ ውስጥ የኔን ስፈልግ ነበር፤ የራሷ ብቻ ነው የነበረው።

ትንሹ ወንድሜ በሕይወት አለ፤ ውሃው በተራው ይደርሰዋል፤ ልጆቹም ይወጣሉ። አልሐምዱሊላህ። ከዚህ በላይ መለመን ነውር ይመስለኛል። ጎረቤታችን ፍርዱን ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶታል። ሲወጣ እንደማንኛውም ጎረቤት ሄጄ እንኳን አላህ አስፈታህ እለዋለሁ፤ እሱም ልጆቼን አንድ በአንድ እየጠራ ይጠይቀኛል። ወንድሜ ለምን እንደሞተ የሚያውቅ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ስለ ዝናብና ስለ ጎመን እናወራለን።