ክሎዝድ ማለት

ትናንት ጣና ዳር አንድ አዲስ ካፌ በር ላይ «ክሎዝድ» የሚል ሰሌዳ ተንጠልጥሎ አየሁና የአክስቴ የሐዋ ነገር ትዝ አለኝ።

አክስቴ ሐይቁ ዳር በመኖሪያ ቤታቸው የተጠበሰ ዓሣ ይሸጡ ነበር። አንድያ ልጃቸው ሰይድ ሥራ ፍለጋ ወደ ሱዳን ከተሻገረ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ደንበኛቸው ባለ ሁለት ፊት ሰሌዳ በስጦታ አመጣላቸው። እንግሊዝኛዬን ላሳይ ተጣደፍሁ።

«ይኸኛው ፊት ክፍት ነው ማለት ነው። ሲመሽ ይገለብጡትና ክሎዝድ ይላል፤ ዝግ ማለት ነው።»

ዘይት የነካ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «ዝግ ሲል ለዛሬ ነው ወይስ ለዘለዓለም?»

«ለሁለቱም ይሆናል» አልኋቸው። መምህራችን ማታ የሚዘጋ ሱቅም፣ ከስሮ የቀረ ሱቅም በዚያው ቃል እንደሚጠራ ነግረውናል።

ጎረቤት «የሐዋ ቤት ተዘጋ» ይል ነበር፤ ወራሽ አጣ ማለቱ ነው። እሳቸውም ሰምተዋል።

«እንግዲያማ አልሰቅለውም» አሉ። «እኔ ሲመሽ በሬን ገርበብ አደርጋለሁ እንጂ ቤቴ ተዘግቶ አያውቅም። ለመሆኑ ገርበብን በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል?»

አላወቅሁም። ያን ዕለት እሳቸው ዘንድ አደርሁ። በሩን እጅ እስኪያሾልክ ትተውት ተኙ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ሲገባ አነጋ።

ከሰይድ እስከ ዛሬ ወሬ የለም። አክስቴ አርጅተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ። የማታውን በር ነገር ለእሳቸው ትተንላቸዋል፤ ብርዱንም ለምደነዋል።