ከግንቡ ሥር የበቀለ ጎመን

ሒሩት እባላለሁ፤ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ምላሷ ሹል ነው ይሉኛል፣ ይበሉ። ስለ ጋሽ ሣህሌ ሳወራ ግን ምላሴ ይተሳሰራል።

ጋሽ ሣህሌ የመሥሪያ ቤታችን ግንበኛ ናቸው። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ቀበና ወንዝ ድረስ ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ሲጠርቡ ኖረዋል። ትምህርታቸው አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ግንቡን በመዶሻ መታ መታ ያደርጉና "ይሄ ውስጡ ባዶ ነው" ይላሉ። መሐንዲሶቹ ይስቃሉ፤ ሲፈርስ ግን ያሉት ይሆናል።

ባለፈው ሚያዝያ ወንዙ ዳር፣ ከትልቁ የድጋፍ ግንብ ሥር የሚኖሩት እትዬ ወለተማርያም ጎመን ሰጧቸው። "በጋውን ሙሉ አንድ ጣሳ ውኃ ሳላጠጣው እንዲህ ለመለመ፤ እመቤቴ ባርካልኝ ነው" አሏቸው። ጋሽ ሣህሌ ጎመኑን እንደያዙ መሬቱን ዳሰሱ። ጠብ ያለ ዝናብ ሳይኖር ርሷል።

ቢሮ ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። "ከግንቡ ጀርባ ውኃ ታቁሯል። ማስተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። ክረምቱ ሳይጠና ካልበሳናቸው ግንቡ ሴትዮዋ ላይ ይወርዳል" አሉ። አለቃችን "ጥናት ይደረግበት" አለ። ጥናቱ ሳይጀመር ሐምሌ ገባ።

ሐምሌ ሃያ ጠዋት ጋሽ ሣህሌ መጋዘኔ በር ላይ ቆሙ።

"ሒሩት፣ መብሻ ማሽኑን ስጪኝ። ዛሬ ራሴ እበሳዋለሁ።"

"ጋሽ ሣህሌ፣ የወጪ ቅጹ፣ ሞዴል 22፣ ሳይፈረም ምስማር እንኳ አላወጣም። ያውቁኛል እኮ።"

"ፈራሚው ጉርድ ሾላ ስብሰባ ላይ ነው።"

"እስኪመለስ ይጠብቋ!"

"እሺ፣ ልጄ" ብለው ሄዱ። ማሽኑ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ነበር።

ከዚያ እትዬ ወለተማርያም ዘንድ ሄደው ከቤቱ እንዲወጡ ለመኗቸው። "ነገ ማርያም ናት፤ አስቀድሼ ልምጣና እወጣለሁ" አሏቸው። ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ወረደ። አሥር ሰዓት ላይ የግንቡ ግማሽ ተናደ። እትዬ ወለተማርያም ቤት ውስጥ ነበሩ።

ከቀብር መልስ መጋዘኑን ከፍቼ ማሽኑን ራሴ ተሸክሜ ወረድኩ። ቅጽ አልጠየቅሁም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። የግንቡ ግማሽ ገና እንደቆመ ነው፤ ከሥሩም ሌሎች ቤቶች አሉ።

ጋሽ ሣህሌን ከግንቡ ሥር አገኘኋቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ማሽኑን ተቀበሉኝ፣ እኔ የኤሌክትሪክ ገመዱን ያዝኩላቸው። የመጀመሪያው ቀዳዳ ሲከፈት ጥቁር ውኃ ተፈናጥሮ ደረታቸውን መታው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ሰባት ቀዳዳ በሱ።

ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። መብሳት ከጀመሩ ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ያን ዕለት ግን ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ ነበረን።