ከአንገቱ የተወሰደችው ሥጋ

ከባለቤቴ ጋር የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ በግ መሸለት ነበር። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ የወጣ ሰሞን ነው። እኔ የበጓን እግር ይዣለሁ፣ እሱ ተንበርክኮ በመቀስ ይሸልታል። አንገቱን አልቦት ስለነበር ነፋሱ ያነሳው ጠጉር ሁሉ እዚያ ላይ ይለጠፋል።

"ከእሷ ይልቅ አንተን ነበር መሸለት" አልኩት።

"ከእኔ ጠጉር የሚለበስ ባና አይወጣም፤ አርፈሽ እግሯን ያዢ" አለኝ።

ጠጉሩን ልለቅምለት እጄን ስሰድ፣ ከጆሮው በታች አንድ እብጠት ጣቴን ነካኝ። ባቄላ ታክላለች። ስጫናት አላመመውም። "ንፍፊት ናት፤ ጥርሴ ነው ያመጣት" ብሎ ወደ መቀሱ ተመለሰ። የቀሩትን ሦስት በጎች ሸልተን ጨረስን። ከዚያ ቀን በኋላ የሠራነው ሁሉ ስለዚያች እብጠት ነው።

መሐል ሜዳ ሆስፒታል ታየና ወደ ደብረ ብርሃን ላኩን። እዚያ ሐኪሙ ከእብጠቱ ላይ ቁራጭ ሥጋ ወስዶ፣ ውሃ የሚመስል መድኃኒት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተታት። የሚመረመረው አዲስ አበባ ነው ተባልን። ባለቤቴ ጠርሙሷን አየና፣ "እኔ አዲስ አበባን ሳላያት አንገቴ ቀድሞኝ ሊገባ ነው" አለ። ሐኪሙም እኔም ሳቅን። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር ሆነ፤ ከአንገቱ አልፎ ደረቱ ውስጥ ገብቷል።

መድኃኒት ጀመረ። ሰውነቱ አለቀ፣ እብጠቱ ግን ጨመረ። ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው ወደ አልጋው ጠራኝ።

"ያቺ ሥጋ የት ደረሰች?"

"የትኛዋ?"

"ጠርሙስ ውስጥ የገባችው።"

"አዲስ አበባ ናት።"

"አምጥተሽ ከእኔ ጋር ቅበሪያት። ጎደሎ ሆኜ መነሣት አልፈልግም።"

በእኛ ዘንድ የተቆረጠ እግር እንኳ ተጠቅልሎ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይቀበራል። ስለዚህ ነገሩ ቅዠት አልመሰለኝም። አመጣታለሁ ብዬ ማልኩለት። ሳላመጣት ሞተና ያለሷ ተቀበረ።

የነፍስ አባታችንን ጠየቅኋቸው። "አርባው ሳይደርስ ካመጣሻት ራስጌውን ስንዝር ከፍተን እናኖራታለን" አሉኝ። ሁለቱን ሴት ልጆቼን ለእህቴ ትቼ በሚኒባስ ወረድኩ።

አዲስ አበባ ያገኘኋት የላቦራቶሪ ባለሙያ ወጣት ሴት ናት። ወረቀቴን አይታ ልትፈልግ ገብታ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ የጣት ጥፍር የምታህል ሰም አመጣች። ሥጋዋ ሰም ውስጥ ተቀብራለች። ከእሷ ላይ ከጠጉር የቀጠነ ተልጦ፣ ቀለም ነክቶ፣ ቀጭን መስታወት ላይ ተለጥፏል። መስታወቱን ወደ ብርሃን ሳነሳው ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚታየው።

"ይህ ነው እንዴ?" አልኳት።

"በማይክሮስኮፕ ይዩት እናቴ" ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

ጎን ለጎን የተጠቀጠቁ ክቦች አየሁ፤ የእያንዳንዱ መሐል ጥቁር ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ሕዋስ ብዬ ደብተሬ ላይ ስዬዋለሁ። ክብ ውስጥ ክብ፣ መሐሉ አስኳል። ፈተናውን አለፍኩና ረሳሁት።

"እጅዎን ቢላ ቢቆርጠው ቁስሉ ይገጥም የለ?" አለች። "ዳር ያሉት ሕዋሳት ተከፍለው ነው የሚገጥመው። አንዷ አስኳሏ ውስጥ ያለውን ትእዛዝ በሙሉ ትገለብጣለች፤ ከዚያ አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ አድርጋ ከመሐል ትከፈላለች። ሁለት ይሆናሉ፣ ከዚያ አራት። ቁስሉ ሲገጥም ያቆማሉ። የተበላሸችውም በጊዜዋ ትሞታለች። የእነዚህ ግን ትእዛዙ ላይ ስህተት ገባ። አቁሙ የሚለው ጠፋባቸው።"

መስታወቱን ትንሽ ገፋ አደረገችው። "ይቺን ይዩ።"

የአንዷ ጥቁር ለሁለት ተጎትቶ ግራና ቀኝ ቆሟል፤ ወገቧ ቀጥኗል። ልትከፈል ስትል ነው የጠርሙሱ መድኃኒት የያዛት። እሱ ሞቶ ተቀብሮ፣ እሷ እዚያው ልትከፈል እንዳለች ናት።

"ልጄ፣ የእሱ ሥጋ የቱ ነው? በሽታውስ የቱ ነው?"

"ሁሉም የእሳቸው ነው። ከውጭ የገባ የለም" አለችኝ።

ያን ሁሉ ወር ጠበል ስረጨው፣ የገባብህ ይውጣ ስለው ነበር።

ሁሉንም ስጪኝ አልኳት። አንዱን መስታወት በፊርማ ልትሰጠኝ እንደምትችል ነገረችኝ። ሰሙን ግን ብተወው እንደሚሻል መከረችኝ። "ወደፊት ልጆቹ ቢታመሙና ሐኪም የአባታቸውን ሥጋ ማየት ቢፈልግ ይገኛል። ባልዎ ስለሆኑ ግን ውሳኔው የእርስዎ ነው" አለች። ልጆቼም ይታመማሉ ማለትሽ ነው ወይ ስላት፣ እንደዚያ አላልኩም፣ አብዛኛውን ጊዜ አይወረስም አለችኝ። አብዛኛውን ጊዜ ያለችው ከጆሮዬ አልወጣም። ሰሙ እዚያው ይቅር ብዬ ፈረምኩ።

መስታወቱን በጥጥ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤ ተመለስኩ። በአርባው ዋዜማ ራስጌው ተከፈተ።

"ያለው ይኸው ብቻ ነው?" አሉኝ የነፍስ አባቴ።

"አዎ አባ" አልኩ።

እስካሁን እውነቱን አልነገርኳቸውም። ባሌ ጎደሎ ነው የተኛው፤ የቀረው ሥጋው አዲስ አበባ ሰም ውስጥ ነው፤ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ።

አሁን በጎቹን እግራቸውን አስሬ ብቻዬን እሸልታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆቼን ጠጉር ሳጥብ ከጆሯቸው በታች በጣቴ እዳስሳለሁ።