ሁልጊዜ ከአውቶቡስ የሚወርደው ሰው

በደርግ ዘመን ደሎ መና ውስጥ ስድስት ዓመት አስተምሬአለሁ። በእነዚያ ዓመታት ወደ ጎባ ስመላለስ ኬላ ላይ አንድም ቀን ከአውቶቡስ ውረድ ተብዬ አላውቅም፤ በዚህም ደስ ይለኝ ነበር። ኮት እለብሳለሁ፣ ጋዜጣ እይዛለሁ፣ አማርኛዬ የመሀል አገር ነው። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሞ ተሳፋሪውን ከፊት እስከ ኋላ በዓይኑ ይቃኛል። እኔ ላይ ሲደርስ "ደህና ዋሉ መምህር" ብሎ ያልፈኛል። ከዚያ ጣቱን መቀሰር ይጀምራል። "አንተ ባለ ሽርጡ! አንተ ባለ ቆቡ! አንቺ ጥቁር ሻሽ ያሰርሽው! ውረዱ!"

ጊዜው ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ስለነበር "ሰርጎ ገብ" የሚለው ቃል ከሰው አፍ አይጠፋም። ለእነዚያ ፖሊሶች ሰርጎ ገብ ማለት የቆላ ፀሐይ ፊቱን ያጠቆረው፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ አማርኛ ሲናገር ኦሮምኛው የሚሰማበት ሰው ነው። መጀመሪያ ፊቱን አይተው ይፈርዳሉ፤ ወረቀት የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀቱ ትክክል ሆኖ ሲገኝ ደግሞ "ከየት አመጣኸው?" ይሉታል።

ሁልጊዜ ከሚወርዱት አንዱ የማር ነጋዴ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺሙን በሂና ያቀላ ሰው ነው። ከሪራና ከመና ማር ሰብስቦ ጎባና ሮቤ ይሸጣል። መታወቂያውን፣ የንግድ ፈቃዱንና ከቀበሌ የሚሰጠውን የይለፍ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይይዛል። እሱ ወርዶ ሲፈተሽ እኛ ተቀምጠን እንጠብቃለን። እኔም ጋዜጣዬን እያገላበጥኩ "ይኼ ሰውዬ ዛሬም ሊያስረፍደን ነው" እያልኩ አጉረመርማለሁ። ያስረፈደን ፖሊሱ እንደሆነ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

አንድ ጊዜማ የባሰ ነገር አደረግሁ። ፖሊሱ "የሚያውቅህ ሰው አለ?" ሲለው፣ ነጋዴው ከታች ሆኖ በመስኮቱ ወደ እኔ ቀና አለና "በርሲሳ፣ ንገርልኝ" አለኝ። በርሲሳ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። እኔ ደግሞ "በመልክ ብቻ ነው የማውቀው" አልኩ። ውሸት አልነበረም። አውቶቡሱ ግን ያን ቀን እሱን ኬላው ላይ ጥሎት ሄደ።

ከዚህ በኋላ ጥቂት ወራት አልፈው ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ጎባ እናቷ ቤት ሄደች። አንድ ቀን ማለዳ የፖስታ ቤቱ ዘበኛ በሬን አንኳኳ። ስልክ ተደውሎ ነበር፤ ምጡ ጠንቶባት ሆስፒታል ገብታለች፣ ኦፕራሲዮን ሳያስፈልጋት አይቀርም፣ የባል ፊርማ ስለሚፈልጉ ቶሎ ይምጣ የሚል መልእክት ነው። ኮቴን ደርቤ እየሮጥኩ አውቶቡሱ ላይ ደረስኩ። ይለፍ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ፤ ድሮስ መች አስፈልጎኝ ያውቃል?

የሐረናን ጫካ አልፈን ከሪራ በላይ ካለው ኬላ ስንደርስ አንድ አዲስ ሃምሳ አለቃ ወደ አውቶቡሱ ገባ። አጭር፣ ደልደል ያለ፣ ብርድ ከንፈሩን የሰነጣጠቀው ሰው ነው። "እንደምን አደራችሁ፣ አከም ቡልተን" ብሎ በሁለቱም ቋንቋ ሰላም አለን። "ሁላችሁም ወረቀት አዘጋጁ። ከፊት ወንበር እጀምራለሁ።"

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው አንድ ካድሬ ነበር። "ጓድ፣ እኔ እኮ…" ብሎ ሲጀምር ሃምሳ አለቃው "አወቅሁዎት ጓድ፤ ወረቀትዎን" አለው። ካድሬው ፊቱን አጨፍግጎ አወጣ። ሃምሳ አለቃው መጀመሪያ ወረቀቱን አነበበ፤ ቀጥሎ ቀና ብሎ ፊቱን አየ። እናቶችን ከነልጆቻቸው አላስነሳቸውም፣ ያሉበት ድረስ ሄዶ ነው የጠየቃቸው። በስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

እኔ ጋ ደረሰ። "ይለፍ?"

"መምህር ነኝ።"

"እሱማ ጥሩ ነው። ይለፍ?"

ደሜ ፈላ። "ስድስት ዓመት ተመላልሻለሁ፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም!"

"ጥፋቱ ያልጠየቁዎት ሰዎች ነው" አለ፣ ድምፁን ሳይጨምር።

የሚስቴን ነገር ልነግረው ጀመርኩ። እስክጨርስ ሰማኝ። "ዋስ ካለዎት አሳልፍዎታለሁ" አለኝ። "ዋስዎ ግን መታወቂያውን ለእኔ ሰጥቶ፣ ወረቀትዎን እስኪያመጡ እዚሁ ይቆያል። ከተሳፋሪው የሚያውቅዎት አለ?"

ካድሬው ሰዓቱን አየ። ሌሎቹ ወደ ውጭ ያዩ ጀመር። ሚስቴ አልጋ ላይ ሆና ፊርማዬን ስትጠብቅ ታየችኝ።

"እኔ አለሁ" አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ። የማር ነጋዴው ነበር።

"ያውቋቸዋል?" አለው ሃምሳ አለቃው።

"ሁለት ልጆቼን እሱ ነው የሚያስተምራቸው። ትልቋ ዛሬ ደብዳቤ የምታነብልኝ በእሱ ነው፣ ወላሂ።"

ክው አልኩ። የተማሪዎቼን ፊት አንድ በአንድ ባስታውስ የትኞቹ የእሱ እንደሆኑ አላወቅሁም። ሃምሳ አለቃው ብዕሩን አዘጋጅቶ "የዋስዎ ስም ማን ይባላል?" ሲለኝ ደግሞ ስሙንም እንደማላውቀው ገባኝ። ነጋዴው ራሱ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ቀስ ብሎ አስመዘገበ። ከዚያ የማር ጀሪካኖቹን ከጣሪያ ላይ አስወረደና "ሂድ በርሲሳ፣ ሴትዮዋ ትጠብቅሃለች" አለኝ።

ሄጄ ፈረምኩ። ማምሻውን ሴት ልጅ ተወለደችልን፤ እናቷም ተረፈች። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ሁለቱንም ታጣቸው ነበር አለኝ።

በማግስቱ ከጎባ ትምህርት ቢሮ ደብዳቤ አጽፌ ወደ ኬላው ተመለስኩ። ነጋዴው ከሃምሳ አለቃው ጋር እሳት ዳር ተቀምጦ ቂጣ በማር ይበላል። "ትናንት ማታ በሌላ መኪና ይሂዱ፣ እኔ እወጣዋለሁ ብያቸው ነበር፤ እምቢ አሉ" አለኝ ሃምሳ አለቃው።

"ዋስ ነኝ ብዬ ጥዬው ልሂድ?" አለ ነጋዴው፣ ተቆጥቶ።

"ያን ጊዜ በመስኮቱ…" ብዬ ጀመርኩ።

"ልጁስ?" አለ አቋርጦኝ።

"ሴት ናት።"

"ማሻአላህ!" ብሎ ሳቀ። ሃምሳ አለቃው ብድግ ብሎ መታወቂያውን በሁለት እጁ አስረከበው፤ "ይቅርታ ኦቦ፣ ደንብ ሆኖብኝ ነው" አለው። በዚያ ዘመን ስንት ባለ ሥልጣን አይቻለሁ፤ ከልቤ ያከበርኩት ያን ሃምሳ አለቃ ነው። የማር ነጋዴውንማ በምን ቃል ልግለጸው?

አብረን ወደ ጎባ ተሳፈርን። ከተማው መግቢያ ላይ ሌላ ኬላ አለ፤ የዚያ ፖሊስ እንደለመድነው በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ቃኘን። "ደህና ዋሉ መምህር" አለኝ። ቀጥሎ ጣቱን ቀሰረ። "አንተ ባለ ሽርጡ፣ ውረድ!"

ነጋዴው ላስቲኩን ከኪሱ አውጥቶ ወረደ። እኔም ተነስቼ ተከተልኩት።

"እርስዎን ማን ጠራዎት?" አለኝ ፖሊሱ።

"ማንም" አልኩና ነጋዴው አጠገብ ቆምኩ።

"ተመለስ በርሲሳ፣ ልጅህ ጋ ሂድ" አለኝ ነጋዴው በሹክሹክታ። አልተመለስኩም። ካፊያ ጀመረ። ፖሊሱ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ ከየት አመጣኸው ይለዋል፤ ነጋዴውም ይመልሳል፣ እንደገና ይጠየቃል፣ እንደገና ይመልሳል። ከላይ ከአውቶቡሱ ውስጥ አንድ ሰው "ኧረ እነዚህ ሰዎች አስረፈዱን!" ሲል ሰማሁ።