የጋሽ ሜትር ወገብ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ ነበር ልበል መሰለኝ። ሜትሩ ከአንገቱ ስለማይወርድ ደንበኞቹ «ጋሽ ሜትር» ይሉታል። ሰው ገና በር ላይ ሲቆም፣ ሳይለካው፣ ደረቱንና ወገቡን ይነግረዋል። «አንተ ደግሞ ሁለት ጣት ጨምረሃል፤ እጅህን ከምግብ ሰብሰብ አድርግ እንጂ!» እያለ ሱቁን ያስቀዋል። የራሱን ሲጠይቁት ግን «እኔ ሙሽራ ከሆንኩበት ቀን ጀምሮ ሰማንያ አምስት ነኝ» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ።

ሌላው ሰው ሲወፍር ሱሪው ይጠበውና ይነቃል። የባሌን ሱሪ የምተኩሰው እኔ ነኝ። ቁልፉ አካባቢ ተወጥሮ ካየሁ፣ ከኋላ ያለውን ስፌት እፈታና ከትርፉ ጨርቅ ሁለት ጣት ያህል ለቅቄለት ተኩሼ እሰቅለዋለሁ። እሱ ምንም አያውቅም። እንዲያ ሲፎክር ደስ ይለኝ ነበራ! ስልሳ ያለፈው ሰው በወገቡ ቢኮራ ማን ይጎዳል ብዬ። አይ የኔ ነገር!

ድሮ የስፌት መኪናውን በእግሩ እየረገጠ ነበር የሚሰፋው፤ ልጃችን ሞተር ካስገጠመችለት ወዲህ ግን እግሩም አረፈ። ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበሩ አይነሳም። ሻዩ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ያደርጋል፣ ምግቡን ሳይቀምስ ጨው ይነሰንሳል። እናቱን የወሰደው ስኳር ነው፣ ታላቅ ወንድሙን ደም ግፊት። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ።

አንድ ቀን አንዲት ነርስ ወደ ሱቁ መጣች። በየቤቱ እየዞረች በዕድሜ የገፉትን ትጠይቃለች፤ ወገቡ ሰፍቶ ያሰጋት ሰው ካለ በማግስቱ ተመርመር ብላ ካርድ ትሰጣለች። ስለ እናቱ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«አባቴ፣ ወገብዎን ልለካዎት» አለችና ከቦርሳዋ ሜትር አወጣች።

«ለእኔ ሜትር ታወጪያለሽ? ሰማንያ አምስት፤ ጻፊው!» ብሎ ሳቀ።

ልጅቷ አፍራ ሜትሯን መለሰች። የልብስ ሰፊን ልክ ማን ይጠራጠራል? «ወገብዎስ ጥሩ ነው፤ ሲመችዎ ግን ብቅ ይበሉ» ብላ፣ ካርድ ሳትሰጠው ሄደች። እኔ ካውያዬን ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ዘጠና አምስት ማለፉን አውቃለሁ። ሰው ፊት እንዳላሳፍረው ብዬ ከንፈሬን ነከስኩ። ምላሴን በቆረጠው!

መቼ ይመቸውና! ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን እጅጌ ገልብጦ ሰፋ፤ በአምፖሉ አሳበበ። አምፖሉን ሁለቴ ለወጥን። ክር ማስገባት ሲያቅተው ልጃችን እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው። ስኳሩም ግፊቱም አለበት፤ ከያዙትም ሰንብተዋል። ዓይኑ ከውስጥ ደምቷል። «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለ ሐኪሙ። አሁን በአንዱ ዓይኑ ብርሃን ብቻ ይለያል፤ ሌላው ጨርሶ ጠፍቷል።

ባለፈው ሳምንት ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ቢያስቸግረው ላጥብብለት ተቀመጥኩ። ከስቷል። «እስኪ አሳዪኝ» ብሎ ተቀበለኝና በጣቱ የሱሪውን ወገብ ከኋላ ዳሰሰው። ጣቱ አይሳሳትም። መርፌው ያለፈባቸውን ቀዳዳዎች መስመር በመስመር ተከተላቸው።

«አራት ጊዜ ተለቋል» አለ።

«አዎ።»

«ነርሷ የመጣች ቀን ስንተኛው ላይ ነበርን?»

«ሦስተኛው ላይ» አልኩት።

አልተቆጣም። በጮኸብኝ ኖሮ! ሱሪውን መለሰልኝ፤ ተነስቶም እንደ ደንበኛ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ሜትሩን ወገቡ ላይ አዞርኩት። ሁለት ጊዜ አየሁት።

«ሰማንያ አምስት» አልኩት።

እውነቴን ነበር። እሱ ግን እጁን ሳያወርድ፣

«ልጃችንን ጥሪያት፤ እሷ ታንብበው» አለኝ።